ባቄላ የተዘራበት መተላለፊያ

አክስቴ ዝም ካለች አንድ ነገር አለ ማለት ነው። ስትቆጣም ስትስቅም ሦስተኛ ቤት ይሰማል። ያን ሰሞን ግን የቀረበላትን ምግብ ሳትነካ ትነሳለች፤ ስጠራት ሁለቴ ካልደገምኩ አትሰማኝም።

የመሬት ምዝገባው እኛ ጋ ሊደርስ ነበር። ባሏ ከሞተ ጀምሮ ማሳቸውን የምታሳርሰው፣ የምታርመው፣ የምታጭደው እሷ ናት፤ ወረቀት ግን የላትም። ዋርሳዋ፣ የሟቹ ወንድም፣ የአባቴ መሬት ነው ማለት ጀምሯል። እሱ እቴ! እንኳን ሊያርሰው፣ ማሳው በየት በኩል እንደሆነ ሰው ጠይቆ ነው የሚደርሰው።

በአዲሱ አሠራር ቢሮ ቁጭ ብሎ መሬት ማደል ቀርቷል። ቀያሹ፣ የሴቶች ተወካይዋ፣ የገበሬዎችና የከብት አርቢዎች ሽማግሌዎች ማሳው ላይ አብረው ይቆማሉ። አዋሳኞች ሁሉ የእሷ ነው ካላሉ አይመዘገብላትም። ደግ ነገር ነው። አክስቴ ግን ጭንቅ ይዟታል፤ ጥፋት አጥፍታለቻ።

ከብት አርቢዎቹ በበጋ ወደ ወንዙ የሚወርዱት በማሳዋ ጠርዝ ነው። እሷም ያችን ቁራጭ በየዓመቱ ሳታሳርስ ትተውላቸው ነበር። አንዱ ወሬኛ ገበያ ላይ ጦም ያደረ መሬት ሊወሰድ ነው ብሎ ሲያስወራ፣ ማንንም ሳትጠይቅ መተላለፊያውን አሳርሳ ባቄላ ዘራችበት፤ በእሾህም አጠረችው። ተይ ብላት፣ አንቺ ምን ገዶሽ፣ ሜዳ ላይ የምወድቀው እኔ ብላ ጮኸችብኝ። የሴቶች ተወካይዋ ወሬው ውሸት መሆኑን ስትነግራት ባቄላው በቅሎ ነበር። ከአዋሳኞቿ አንዱ ደግሞ የከብት አርቢዎቹ ሽማግሌ ናቸው።

ቀኑ ደረሰና ሁሉም ማሳው ላይ ተሰበሰበ። ሽማግሌው ከብቶቻቸውን እየነዱ መጡ። ከብቶቹ አጥሩ ጋ ሲደርሱ ተገተሩ፤ እሳቸውም ቆመው ባቄላውን አዩ። አክስቴ እጄን ጨምድዳ ይዛዋለች።

ዋርሳዋ ጊዜ አላጠፋም። መሬቱ ለእኔ ከሆነ መንገዱን ዛሬውኑ አስከፍትላችኋለሁ አለ፣ ጨዋ መስሎ። ቀያሹ ወደ ሽማግሌው ዞሮ ማሳው የማን እንደሆነ ጠየቃቸው። እሳቸው አጥሩን፣ ቀጥሎም አክስቴን አዩ። እኔም ፈራሁ፤ እውነት ለመናገር፣ በእሳቸው ቦታ ብሆን እኔ አልምራትም።

"በየበጋው ከብት ላሳልፍ ስመጣ ፈቃድ የምጠይቀው እሷን ነው" አሉ በመጨረሻ። "ይሄን ሰውዬ ዛሬ ነው ያየሁት። መሬቱ የእሷ ነው።"

ቀያሹ መተላለፊያውስ ሲላቸው፣ እሱን ከእሷ ጋር እንነጋገርበታለን አሉት። ወደ አክስቴ ዞረውም፣ ባቄላው እስኪደርስ ዘንድሮን በሩቁ መንገድ እንዞራለን አሏት። የሩቁ መንገድ ግማሽ ቀን ያስኬዳል። ከብቶቹ ደግሞ ጎናቸው ገብቷል፣ በውሃ ጥም ምላሳቸው ወጥቷል።

አክስቴ እጄን ለቀቀችና ሄዳ እሾሁን በባዶ እጇ እየጎተተች ትጥለው ጀመር። እጇ ደም በደም ሆነ። ሽማግሌው ኧረ ተይው ልጄ፣ ለፍተሽበታል ቢሏት አልሰማቻቸውም። ፊት የቆመችውን ላም ቀንዷን ይዛ፣ እያለቀሰች፣ ራሷ ባቄላው ውስጥ አስገባቻት።