የእህቴ ሰርግ በአንድ ዲቪዲ

የእህቴ ሰርግ የተቀረጸው በካሴት ነው። ካሴት የሚያጫውተው ዴካችን ከተበላሸ ቆይቷል። እናቴ «ሳልሞት አንድ ጊዜ ልየው» እያለች ስትነዘንዘኝ ከረመችና ካሴቶቹን በፌስታል ይዤ ፒያሳ ሄድኩ። ትእዛዟ አንድ ነበር፦ «ሁሉም በአንድ ዲቪዲ ይግባ። እየተነሳሁ የምቀይርበት ጉልበት የለኝም።»

ከምኒልክ አደባባይ ዝቅ ብሎ ያለው የቪዲዮ ቤት ባለቤት «ችግር የለም» አለኝ።

ዲቪዲው ሲደርስ ቤት ወስጄ ስከፍተው፣ ሰው ቁጭ ሲል ደህና ነው። እስክስታ ሲጀመር ግን ፊት የሚባል ነገር ይጠፋል፤ ሁሉም አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን ይሆናል። ሙሽራዋ ላይ ደግሞ ማንም ያላዘዘው ቀይ ልብ ከላይ ይዘንባል።

«ይሄ ማነው?» አለች እናቴ።

«አባዬ ነዋ።»

«አባትሽን አጣሁት እንዴ? አይደለም።»

በማግስቱ ተመልሼ ሄድኩ። ሰውየው ቀና ሳይል «እህቴ፣ ካሴቱ አርጅቷል» አለኝ።

«እስቲ ራሱን ካሴቱን ክፈተው።»

ከፈተው። የአባቴ ክራባት ላይ ያሉት ነጠብጣቦች ሳይቀሩ ይታያሉ።

ያኔ እውነቱን አወጣ። የአምስት ሰዓት ፊልም አንድ ዲቪዲ ላይ እንዲገባ በጣም ይጨመቃል፤ በተጨመቀ ቁጥር ጥራቱ ይወርዳል፤ ሰው ሲንቀሳቀስማ ይብስበታል።

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«በአንድ አድርግልኝ አልሽ፤ አደረግኩ።»

ተናድጄ ቤት ገባሁና እናቴን ለመንኳት። የምሳውን ሰልፍ ብቻ ብናስቆርጠው ብዙ ይቀልልናል፤ ሰው ሳህን ይዞ ሲሰለፍ ማን ያያል?

«እኔ አያለሁ» አለች። «አክብሮኝ የመጣን ሰው ቆርጠሽ ልትጥዪ ነው?»

በሦስት ዲቪዲ እንዲሆን ተስማማን። እየተነሳሁ የምቀይረው እኔ ሆንኩ። ልቦቹ ይውጡ ስለው የቪዲዮ ቤቱ ሰውዬ ቅር አለው። «ያለ ልብ ሰርግ አይመስልም» አለኝ።

«አይምሰል» አልኩት።

እሁድ ከሰዓት ቁጭ ብለን አየነው። ጥርት ብሏል። ሁለተኛው ዲቪዲ ውስጥ የምሳው ሰልፍ ላይ ስንደርስ እናቴ ጉልበቷን ረስታ ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠጋች። ከሰርጉ በኋላ ብዙም ሳትቆይ ያረፈችው ጎረቤታችን ሳህኗን ይዛ፣ ከፊቷ የቆመውን ሰውዬ በክርኗ ገፋ እያደረገች ትስቃለች።

«መልሺው» አለች እናቴ።

መለስኩት። አሁንም መልሺው አለች። ሪሞቱ እንቢ ሲል ሄጄ በእጄ መለስኩት። እሷ ትስቃለች፣ ዓይኗን በነጠላዋ ትጠርጋለች፤ እኔ ወገቤ ተቆርጧል። ሦስተኛውን ዲቪዲ እስከ ዛሬ አልከፈትነውም።