ቤቱን አይቶ ዝም ያለው አናጢ

ያ አናጢ ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ቢሆን ኖሮ ይሄን ያህል አልናደድም ነበር። በዚያን ዘመን አሰላ ውስጥ ቤት መግዛት የፈለገ ሰው ሁሉ እሱን ይዞ ይሄዳል። ግድግዳውን ያንኳኳል፣ የቋሚውን ሥር በመሮ ይወጋል፣ «ይሄ በስብሷል፤ ይሄኛው ጥድ ነው፣ የልጅ ልጅሽንም ያኖራል» ይላል። ለዚሁም ይከፈለዋል። ዛሬ ንዴቴ አልበርድ ብሎኝ እሱ እያልኩ አወራለሁ እንጂ ያኔ አንቱ ነበር የምለው። በዕድሜ አባቴን ያህላል።

እኔ ባሌ ከሞተ በኋላ ከበቆጂ ገብስ እያመጣሁ እሸጥ ነበር። ከንግዱ በተረፈኝ ሁለት ቤት ገዝቼ አከራይቻለሁ። «ሴት ልጅ ደግሞ ምን ቤት ትሰበስባለች?» የሚሉኝ ነበሩ፤ ይበሉ። ሦስተኛውን የፈለግሁት ለአንዲት አዋላጅ ነርስ ብዬ ነው። ከጎጃም ተመድባ የመጣች፣ አገሩ ውስጥ ዘመድ የሌላት ልጅ ናት። ከሰው ጋር ተዳብላ በአንድ ክፍል ትንገላታለች። የእህቴ ልጅ እግሩ ቀድሞ ሲመጣ እናቱንም እሱንም ያተረፉት የእሷ እጆች ናቸው። ደህና ቤት ካገኘሁ ላንቺ ነው ብያት ነበር።

አንድ የመንግሥት ሹም ወደ አዲስ አበባ ተዛውሮ ቤቱን ይሸጣል ተባለ። አናጢውን ይዤ ስሄድ የሹሙ ሚስት በር ላይ ተቀበለችን። «ቤቱ የት ይሄዳል? መጀመሪያ እህል ቅመሱ» አለች። ዶሮው ተሠርቷል፣ ጠጁ ተቀድቷል። በልተን ጠጥተን ስናበቃ አናጢው ቤቱን ዞረ። ግድግዳውን በመዳፉ ዳበስ ዳበስ አደረገ፤ በጓሮ በኩል አዲስ ጭቃ የተመረገበት ጋ ሲደርስ ቆም አለ። መሮው ግን ከኪሱ አልወጣም። «እንዴት ነው?» ስለው «ደህና ነው፣ ይባርክልሽ» አለኝ። ገዛሁት፤ ልጅቷም ገባችበት።

ሐምሌ ላይ ዝናቡ ቀንም ሌሊትም አላቋርጥ አለ። አንድ ቀን ሌሊቱን ስታዋልድ አድራ ጠዋት ገብታ እንደተኛች፣ የጓሮው ግድግዳ ከነማገሩ አልጋዋ ላይ ወደቀ። ከጎረቤት ጋር ጭቃውን በእጃችን እየዛቅን አወጣናት። ፊቷን ልትከላከል ቀኝ እጇን አንስታ ኖሮ አንጓዋ ደቅቋል። እሷን ለሐኪም አስረክቤ ስመለስ ቋሚዎቹን አየኋቸው። ከመሬት በታች ያለው በጣት ሲነኩት ይፈረፈራል።

ቀሚሴ በጭቃ እንደተለወሰ አናጢው ቤት ሄድኩ። «አላዩትም ነበር?» አልኩት።

መሬት መሬት እያየ «አይቼዋለሁ፤ አዲሱ ምርጊት ያስታውቅ ነበር» አለኝ።

«ታዲያ?»

«በማዕዳቸው ቀርቤ፣ ጠጃቸውን ጠጥቼ፣ እንዴት ብዬ ቤታቸውን ላንቋሽሽ? የበላበትን ወጭት ሰባሪ ልባል?»

ደሜ ፈላ። እኔም እኮ በልቻለሁ። መብላት ማንን ገደለ? ግን እሱን የወሰድኩት እንዲናገርልኝ ነው። እሺ፣ እዚያው ፊታቸው ላይ መናገር ከበደው እንበል፤ ከግቢው ከወጣን በኋላ ሹክ ቢለኝስ ማን ይሰማዋል? ያን ሁሉ መንገድ ስለ ዘንድሮ ስንዴ ሲያወራልኝ ነው የመጣው። አንዲት ቃል ቢተነፍስ ቋሚዎቹን አስቀይሬ ልጅቷ በሰላም ትተኛ ነበር። ለአንድ ሳህን ወጥ ይሉኝታ የያዘው ሰው፣ ለሰው ነፍስ ሲሆን ይሉኝታው የት ይገባል? «አንተ ሰው፣ ዓይኔ እንዳያይህ» ብዬው ወጣሁ። አንቱታው በዚያው ቀረ።

እጇ ዳነ ሲባል ከአንጓው አልታጠፍ፣ ጣቶቿም አልጨብጥ አሏት። ማዋለድ ደግሞ በአንድ እጅ አይሆንም። መስከረም ሲጠባ ሥራዋን ትታ ወደ አገሯ ጎጃም ለመመለስ ተነሳች። ሻንጣዋን ተሸክሜ አውቶቡስ ድረስ ሸኘኋት። «እትዬ፣ እርስዎ ምን ያድርጉ» አለችኝ፤ ይባስ አንጀቴ አረረ።

እሷ በሄደች በሳምንቱ አናጢው ሽማግሌዎች አስከትሎ፣ አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ደጄ መጣ። ድንጋይ ተሸክሞ የመጣን ሰው አልምርም ማለት ነውር እንደሆነ አውቃለሁ። ጎረቤቱም አጥር ጥግ ቆሞ ያያል።

«ይቅር ለእግዜር በይው፤ ድንጋዩን አውርጂለት» አሉኝ ሽማግሌዎቹ።

«እኔ ምን ሆንኩና? የደቀቀው እጅ የኔ ነው እንዴ?» አልኳቸው።

«ታዲያ ወዴት ይሂድ?» አሉ አንደኛው።

«ጎጃም» አልኩና በሩን ዘጋሁት።