ለሦስት የተቆረጠ መጽሐፍ

ልብስ ሰፊዋ ወንድሟን ቤቷ ያስገባችው ወዳ አይደለም። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንደሚባለው፣ ሆስፒታሉ «ከዚህ በላይ የምናደርግለት ነገር የለም፤ ውሰጂው» ሲላት ሌላ የሚወስደው ዘመድ ስለጠፋ ነው። ከዚያ በፊት ለዓመታት ተኳርፈው ነበር። መንገድ ላይ ሲገጣጠሙ እሷ የሱቅ መስኮት ታያለች፣ እሱ ሰዓቱን ያያል። ሰዓቱ ደግሞ ድሮ የቆመ ነው ይላሉ፣ የሚያውቁት።

የጠባቸው ምንጭ የእናታቸው ቤት ነው። እናትየው ሆስፒታል ተኝታ ሳለች ታላቅየው ማንንም ሳያማክር ቤቱን ሸጠው። «ለማሳከሚያዋ ነው» አለ። እናትየው ግን እስከ መጨረሻዋ ቀን ድረስ «ቤቴ ውሰዱኝ» እያለች ሞተች፤ የሚወስዷት ቤት አልነበረም። ልጅቱ ከቀብር ስትመለስ ለወንድሟ አንድ ቃል ብቻ ተናገረች። ቃሉን ሰፈሩ በሙሉ ያውቀዋል፤ እኔ ግን አልደግመውም።

አሁን ያ ከባድ መኪና ሲነዳ የኖረ፣ ሲስቅ መስኮት የሚያንቀጠቅጥ ሰውዬ ከትራሱ የማይበልጥ ሆኖ መጣ። ዓይኑም ፈዟል። ቤቱ አንድ ክፍል ነው፦ መስኮቱ ሥር የስፌት መኪናው፣ ከመጋረጃው ጀርባ አልጋው። ያላለቁ ቀሚሶች ከጣሪያው በሽቦ ስለተንጠለጠሉ፣ ሰውዬው ጭንቅላት በሌላቸው ሴቶች መካከል የተኛ ይመስላል። ጨዋታቸውም ከዚያ ብዙ አይሻልም ነበር።

«ሾርባ አለ።»

«ጠጥቻለሁ።»

«መቼ?»

«ትናንት።»

ከዚህ ዝምታ ያወጣቸው መጽሐፍ ነው። ቁልፍና ክር ልትገዛ ወጥታ ስትመለስ፣ አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጥበት የግንብ ሥር ገበያ ጎራ አለችና ዋጋው አሳስቋት አንዱን አነሳች። ታሪኩ ውስጥ አንድ ወፍራም ዳኛ አለ፤ በየቀኑ ምግቡ ውስጥ ትንሽ ትንሽ መርዝ እየጨመረ የሚገድለው ሰው ደግሞ ከቤቱ ነው። ማን ይሆን? ማታ ማታ ሥራዋን ስትጨርስ ታነብለት ጀመር።

«ምግብ አብሳዩ ነው» አለ ወንድምየው። «ሳቁን አልወደድኩትም።»

«ሳቁን መቼ አየኸው?»

«ማየት አያስፈልግም፤ ከድምፁ ያስታውቃል።»

«ድምፁ የእኔ ነው እኮ፣ ጋሼ!»

ጋሼ ያለችው አምልጧት ነው። ሁለቱም ሰምተው ያልሰሙ መሰሉ። እሷ ሚስቱን ጠረጠረች፣ እሱ በምግብ አብሳዩ ጸና፤ እንደ ልጅነታቸው እየተጨቃጨቁ ሾርባው ይጠጣል፣ መድኃኒቱ ይዋጣል። ስለ ቤቱ ማንም ትንፍሽ አይልም። ዳኛው እስኪሞት ድረስ ጊዜ ነበራቸዋ!

ዳኛው ግን ሳይሞት መጽሐፉ አለቀ። ብታየው መጽሐፉ መሃል ላይ ተቆርጦ፣ የኋላ ሽፋኑ በሙጫ ተለጥፎበታል። የሸጠላት ሰው በገበያው «መቀሶ» ይባላል። ስሙን ያገኘው በሥራው ነው፤ ወፍራም መጽሐፍ ሲያገኝ ይቆርጠዋል። የፊተኛውን በርካሽ ይሸጣል፤ የኋለኛውን ልቡ የተንጠለጠለ አንባቢ ተመልሶ ሲመጣ እንደ ወርቅ ይመዝንለታል። አንዱ ሻጭ የጠራውን ዋጋ ሌላው አይሰብርም። ገዢ ዞር ዞር ሲል ከግንቡ ጫፍ እስከ ጫፍ ጉሮሮ ይጠራረጋል፤ ያን ጊዜ ነገሩ አለቀ ማለት ነው።

እዚያ ሄዳ የሠራችውን ስህተት ሳስብ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ሙሽራ መጥታ «ሰርጌ ቅዳሜ ነው» ስትላት ዋጋ የምትጨምር ሴት፣ እሷው ራሷ «ወንድሜ ታሞብኝ መጨረሻውን ይጠብቃል» ብላ አረፈች! መቀሶ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ከልቡ አዘነ። ካዘነ በኋላ የጠራው ዋጋ የሐዘኑን ያህል ነበር።

«ምነው ልጄ፣ ርኅራኄ የለህም?»

«እትዬ፣ ርኅራኄ አለኝ፤ መጽሐፉ ግን አንድ ነው።»

ተመላለሰች። በተመላለሰች ቁጥር ዋጋው ወጣ። በመጨረሻ እሱው መላ አመጣ፦ «ገንዘብሽን ተይው፤ ኮት ስፊልኝ።» ለራሷ ካፖርት ብላ ሣጥን ውስጥ ያስቀመጠችውን ጥቁር ሱፍ አውጥታ ቆረጠች። ልኩን ለማየት እጅጌዎቹን ለጊዜው በነጭ ክር ብቻ አያይዛ ብትወስድለት፣ ለብሶ ማውለቅ እምቢ አለ። «እንደ ሚኒስትር ሆንኩ!» እያለ ነጩ ክር ትከሻው ላይ እየታየ በገበያው ተንጎራደደ። መጽሐፉንም ሰጣት። «ስፌቱን ሌላ ቀን ትጨርሺልኛለሽ።»

ያ ሳምንት ጥሩ ሳምንት ነበር። ዳኛው ሞተ፤ ወንድምየው እንደ ዘመድ አዘነለት። መርማሪ መጣ፣ ቤተሰቡን በሙሉ ሳሎን ሰበሰበ፣ በሩን ዘጋና «ገዳዩ ከመካከላችሁ…» አለ። ከዚያ በኋላ ሙጫ ነው። መቀሶ ለሁለት ሳይሆን ለሦስት ነበር የቆረጠው።

ወንድምየው የተቆረጠውን ጫፍ በጣቱ ዳሰሰ። «ነገ ሄጄ አመጣዋለሁ» አለችው።

ስትደርስ መቀሶ ኮቱን ለብሶ ደንበኛ እየሸነገለ ነበር።

«እትዬ፣ ልትጨርሺልኝ መጣሽ?»

«መጨረሻው የት አለ?»

«የምን መጨረሻ?»

«ዳኛውን ማን ገደለው?»

«እኔ ፖሊስ ነኝ እንዴ?» ጎረቤቶቹ ሳቁ። «ሁለተኛውን ክፍል አልሽ፣ ሁለተኛውን ሰጠሁሽ። ስለ ሦስተኛው ማን አነሳ?»

ኮሌታውን የምታስተካክል መስላ ቀረበችና የነጩን ክር ጫፍ ይዛ ሳብ አደረገችው። እጅጌው ከትከሻው ተንሸራቶ እንደ ካልሲ የእጁ አንጓ ላይ ወረደ።

«እኔም ኮት አልኩ እንጂ እጅጌ አላልኩም» አለችና መዝዛ ወሰደችው።

ገበያው በሳቅ ተናጋ። ዋጋ ላለመስበር ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ የኖሩት ሁሉ ያን ቀን በሳቅ ሳሉ። መቀሶ ግን እንደ መሳቅም እንደ ማልቀስም አደረገውና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦ «እናቴ ትሙት የለኝም። ገጹ ስለተበላሸ ለኦቾሎኒ ሻጯ መጠቅለያ ሰጠኋት። ድሮ ነው» አለ።

ኦቾሎኒ ሻጯ ደህና ሴት ናት። የተጠቀለለውን ሁሉ ከፍታ አሳየቻት። የሂሳብ መማሪያ አለ፣ የአሮጌ ጋዜጣ ማስታወቂያ አለ፤ ከዳኛው ቤት አንድ ሰው እንኳን አልተረፈም።

እጅጌውን በብብቷ ይዛ ቤቷ ገባችና ሁሉንም ነገረችው። እጅጌው ጋ ስትደርስ ወንድምየው ሳቀ፤ ያ የድሮው ሳቅ አንድ ጊዜ መጣና በሳል ተቋረጠ።

«በቃ፣ የሚነበብ የለም?»

«የለም።»

«እንግዲያው የቤቱን ነገር እናውራ።»

ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ቆማ ውላለች፣ እግሯ አብጧል፣ በአስቸኳይ የሚፈለግ ቀሚስም ይጠብቃታል። «ጋሼ፣ ዛሬ ደክሞኛል» አለችው። «ነገ።»

«ነገም ጥሩ ነው» አለና ወደ ግድግዳው ዞረ።

ሲነጋ ግማሽ አካሉ አልታዘዝ አለ፤ አንደበቱም ተያዘ። የመጣችው ነርስ «ይሰማል፤ መመለስ ነው የማይችለው» ብላ ሄደች።

ልብስ ሰፊዋ መኪናዋን ሸፍና ወንበሯን ወደ አልጋው ሳበች። ለዓመታት ያጠራቀመችውን አንድ በአንድ ተናገረች፦ ቤቱን ሳትነግረኝ ሸጥከው፣ እናቴ ልትሞትበት የፈለገችውን አልጋ ሸጥክብኝ። ማንም አልተከራከራትም። እንዲህ ቀላል ይሆናል ብላ አስባ አታውቅም ነበር፤ ረትታው እጇ ባዶ ቀረ።

ከዚያ ድምፅዋን እንደ እሱ ወፈር አደረገች። «አንተ ደግሞ ምን ትላለህ? ሳትታከም ትሙት ወይ ትላለህ። ሐኪሙ ትድናለች ብሎኝ ነበር ትላለህ። ብነግርሽ እምቢ ትይ ነበር ትላለህ።» እዚህ ላይ ቆመች። እውነት ነው፤ እምቢ ትል ነበር።

ደህናው እጁ ብርድ ልብሱ ላይ ተንቀሳቀሰ። ልክ ነሽ ይበላት፣ ገና አልጨረስኩም ይበላት፣ አላወቀችም። እጁን ይዛ «ቀጥል እሺ፣ ሌላስ ምን ትላለህ?» እያለች ጠየቀችው።