ኡሚ የታመመችው እስከ መግሪብ ነው

ይህ ነገር የደረሰብኝ ልጄ ሂክማ ገና አራት ዓመቷ ሳለ ነው። ዛሬ ስምንት ሞልቷታል። ያን ሐሙስ የማልረሳው በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ብርድ ልብሴ ሥር እስረኛ ሆኜ ስለዋልኩ ነው። ያሳሰረኝ የራሴ ምላስ ነው፤ ጠባቂዬ ደግሞ ሂክማ ነበረች።

ቤታችን ጀጎል ውስጥ ፈላና በር አጠገብ ነው። ባለቤቴ ሹፌር ስለሆነ ጅጅጋ ሲመላለስ ሳምንቱን አብዛኛውን አይኖርም። እኔ፣ ሂክማና አማቴ ነን የምንውለው።

አማቴ አርባ ዓመት ያህል የአፎቻ አባል ነበሩ። አፎቻ የማታውቁ ካላችሁ፣ በሰርግም በለቅሶም በሕመምም አብሮ የሚቆም የሰፈር ሴቶች ስብስብ ነው፤ እድር ብትሉት ይቀርባል፣ ግን ከእድር ይጠብቃል። አማቴ አንድ ቀን እንኳ ቀርተው አያውቁም ይባልላቸዋል። ጉልበታቸው እምቢ ሲላቸው ቦታቸውን ለእኔ ለቀቁልኝ። ያን ዕለት ያሉኝን አልረሳም። «ስሞት የሚያጥቡኝ እነሱ ናቸው። ስሜን አደራ።»

አደራውን ተቀበልኩ። ሽንኩርት እንዳለበት ግን አልነገሩኝም።

በአፎቻችን ውስጥ በዕድሜ ትንሿ እኔ ነበርኩ። ትንሽ የሆነ ሰው ሽንኩርት ይከትፋል፤ ሕጉ የትም አልተጻፈም፣ ግን የሚሽረው የለም። ሙሽራዋ ከእናቷ ቤት ስትወጣ ከማልቀሷ በፊት እኔ አልቅሼ እጨርሳለሁ። በሰርግ ፎቶዎች ሁሉ ዓይኔ እንደቀላ ነው። ሽታው ከጣቶቼ ሳይለቅ ሌላ ሰርግ ይመጣል።

ያን ሰሞን የምትዳረው የጓደኛዬ የሰዓዳ ታናሽ እህት ነበረች። ሰርጉ ቅዳሜ ነው፤ ሐሙስ ሴቶቹ ለሥራ ይሰበሰባሉ። አማቴ ድሬዳዋ ልጃቸው ዘንድ ሄደው ነበር፤ ለሰርጉ ቅዳሜ ጠዋት ይመለሳሉ። ቤቱ ጭር ሲልልኝ ሰይጣን ጆሮዬ ላይ ተቀመጠ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ አንድ ሰርግ ብቻ፣ እንደ ሰው እጄን ሒና ተቀብቼ፣ ዓይኔ ሳይቀላ ልሂድ አልኩ።

ሐሙስ ጠዋት ለሰዓዳ ደወልኩ። «ወላሂ አሞኛል፣ መነሳት አቃተኝ» አልኳት። ወላሂ ማለቴ እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል።

«አብሽሪ፣ አንቺ ብቻ ተኚ» አለችኝ። ድምፅዋ ውስጥ ቅሬታ እንኳ አልነበረም።

ከዚያ ሂክማን ጠርቼ አስጠናኋት። «ሰው ከመጣ ኡሚ ታማለች ትያለሽ።»

«እስከ መቼ?»

ሥራው የሚያልቀው ፀሐይ ስትጠልቅ ስለሆነ «እስከ መግሪብ» አልኳት። እሺ ብላ አሻንጉሊቷንም አስተኛቻት።

ሒናውን ሎሚ ጨምቄበት፣ የቅርንፉድ ዘይት ጠብ አድርጌበት ነበር ያቦካሁት። ግራ እጄን ከመዳፌ እስከ አንጓዬ ድረስ በቅጠልና በአበባ ሞላሁት። እንደዚያ ያማረ ነገር በሕይወቴ ሠርቼ አላውቅም። የቀኝ እጄን ግን ለራሴ መሥራት አልቻልኩም። ሂክማ እኔ ልቀባሽ ብላ ለመነችኝ፤ የጣቶቼን ጫፍ ሰጠኋት። ምላሷን አውጥታ፣ ትንፋሿን ይዛ ቀባችኝ። ጫፍ ያልኳት እስከ ጣቴ መሐል ደረሰ። ስትጨርስ ራሷን ዘንበል አድርጋ ሥራዋን አየችና «ለሰው እናሳየው» አለች። ነገ እናሳያለን አልኳት።

የዐስር ሶላት ተሰግዶ ብዙም ሳይቆይ የግቢው በር ተንኳኳ። ቀጥሎ የአዴ ዘይነባን ድምፅ ሰማሁ። አዴ የምንላቸው እንደ እናት ስለምናያቸው ነው፤ የአፎቻችን መሪ ናቸው። ከኋላቸው የጫማ ኮቴ ብዛቱ ልክ አልነበረውም።

ምን ያህል ሞኝ እንደሆንኩ የገባኝ ያኔ ነው። በእኛ ሰፈር ታምሜአለሁ ማለት ኑ ማለት ነው። አፎቻ የታመመ ሰው ሳይጠይቅ አያድርም። ይህን ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። እኔ ከሽንኩርቱ ለመሸሽ ስሮጥ የሮጥኩበትን አላየሁም ነበር።

ውሃው ያለው ግቢው ውስጥ፣ በርሜሉ ውስጥ ነው። የተኛሁበት ክፍል ያለው መውጫ አንድ ነው፤ እሱም በሳሎኑ በኩል ነው። ሳሎኑ እየሞላ ነበር። ሁለቱን እጆቼን በፌስታል ጠቅልዬ አልጋ ላይ ወጣሁና ብርድ ልብሱን እስከ አገጬ ሳብኩ። ሒና ደግሞ ባህሪው ይታወቃል፤ በቆየ ቁጥር ይጠቁራል። ማስረጃዬ በየደቂቃው እየደመቀ ነበር።

በመጋረጃው ማዶ ሴቶቹ ነደባው ላይ፣ ከፍ ባለው መደብ ላይ፣ ሲደላደሉ ይሰማኛል። ሂክማ እንግዳ ተቀባይ ሆናለች።

«ኡሚ ታማለች» አለች እንዳስጠናኋት። «እስከ መግሪብ ነው የታመመችው።»



«ምኗን ነው ያመማት ልጄ?» አሉ አዴ ዘይነባ።

«ገና አልነገረችኝም።»

እኔ ከውስጥ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመኛለሁ። መሬት ግን እንዲህ ስትፈለግ አትከፈትም።

«እህል ቀምሳለች?» አለች ሰዓዳ።

«ሁለት ጊዜ በላች። ከኔም ወሰደች።»

ልጣራት አልኩ፤ የታመመ ሰው ድምፅ ማውጣት አቃተኝ። ጉሮሮዬን ጠረግሁ፤ ሂክማ «ሰማችሁ? ነቅታለች» አለቻቸው። ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል። በዚያ ሙቀት በወፍራም ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ መዋል ራሱ በሽታ ነው።

አዴ ዘይነባ ዱዓ ጀመሩ። «አላህ ያሽራት፣ አላህ ጤናዋን ይመልስላት፣ ለልጇ ያቁማት።» ሴቶቹ በየመሐሉ አሚን ይላሉ። ልመናውን ስሰማ እንባዬ መጣ፤ ወላሂ ብዬ የዋሸሁት ውሸት ላይ ነው ዱዓ የሚደረገው። ዱዓው ሲያልቅ የሂክማ ድምፅ ብቻውን ተሰማ።

«አሚን። ግን ቶሎ አይሁን፣ ገና አልደረቀም።»

የአንዷ መቁጠሪያ ጠቅ ሲል እንኳ ሰማሁት። የአማቴ አርባ ዓመት በአንድ ሐሙስ አለቀ አልኩ በልቤ።

መጋረጃው ተገለጠ። አዴ ዘይነባ ብቻቸውን ገቡ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡና ግንባሬን ዳሰሱ። እጃቸው ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል። በሰባ ዓመታቸው ቢላዋ ይዘው ውለዋል። ከዚያ የታመመ ሰው እንደሚጠየቀው እጄን ሊይዙ ብርድ ልብሱን ገለጥ አደረጉ። ፌስታሉን ፈቱት።

አበባዎቼን ለረጅም ጊዜ አዩአቸው።

«አዴ፣ እኔ...» አልኩ።

«ዝም በይ» አሉኝ በሹክሹክታ። «ታመሻል እኮ።»

ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ በውጭ ያሉት ሁሉ እንዲሰሙ፣ «ሂክማ፣ የተረፈውን ሒና አምጪልኝ። ለራስ ምታት ከሒና የተሻለ መድኃኒት የለም» አሉ። እውነት ነው፣ አሮጊቶቻችን ራሱን ለታመመ ሰው ሒና ይለቀልቃሉ። ግን መድኃኒት የሚለቀለቅ ነገር ነው፤ አበባ የለውም።

ሂክማ ሳህኑን አመጣች። አዴ ዘይነባ በሦስት ጣታቸው እየዛቁ መዳፌን ለቀለቁት። ቅጠሉም አበባውም ከሥር ቀረ። ቀኝ እጄንም ደገሙት። አልተቆጡኝም፣ አላሾፉብኝም፤ ግድግዳ እንደሚለስን ሰው ዝም ብለው ሠሩ። አንዷን አበባ ለመሸፈን ሲደርሱ ብቻ ትንሽ ቆም አሉና «እጅሽ ጥሩ ነው» አሉኝ።

ሂክማ ይህን ስታይ «እኔ የቀባሁትን አጠፋሽው» አለቻቸው።

«አልጠፋም፣ ከሥር አለ» አሏት።

የከፋው ገና ሊመጣ ነበር። ሰዓዳ የሾርባ ሳህን ይዛ ገባች። ሁለት እጆቼ ስለተለቀለቁ ማንኪያ መያዝ አልችልም። አጠገቤ ተቀምጣ ታጎርሰኝ ጀመር። የእህቷን የሰርግ ሥራ ጥላ መጥታ፣ ያለ ወትሮዋ ዓይኗ እንደ በርበሬ ቀልቶ፣ ሾርባውን በትንፋሿ እያበረደች ታጎርሰኛለች።

«ያንቺን ሽንኩርት እኔ ከተፍኩልሽ» አለችኝ። «እንዲህ ያቃጥላል እንዴ? አንድም ቀን አልነገርሽንም።»

እየዋጥኩ አለቀስኩ። ሕመሙ የጠናብኝ መስሏት ነው መሰለኝ ሻሿን ፈትታ ፊቴን ጠረገችልኝ። ያን ጊዜ እውነቱን ብነግራት ኖሮ ይቀለኝ ነበር። አፌን ስከፍት ግን ማንኪያው ይገባል።

መግሪብ ሊደርስ ሲል ተነሱ። ሂክማ እስከ በሩ ሸኘቻቸው። «አሁን ትድናለች» ስትላቸው ሰማሁ።

ቅዳሜ ለሰርጉ የሄድኩት ሁለት እጆቼ እስከ አንጓዬ ድረስ እንደ ሸክላ ቀልተው ነው። የሙሽራዋ ጎረቤቶች አበባ አበባ የተሳለ እጃቸውን ሲያሳዩ እኔ የእኔን በሻሼ ሥር እደብቅ ነበር። አማቴ ከድሬዳዋ ተመልሰው ነበርና እጄን ይዘው «ይህ ደግሞ ምንድን ነው?» አሉኝ። መልስ ከመስጠቴ በፊት አዴ ዘይነባ ከወዲያ «አሟት ነበር፣ እኔ ነኝ የለቀለቅኋት» አሉ። አማቴ አመሰገኗቸው። እኔ ፊቴን የማደርግበት አጣሁ።

ከዚያ ወዲያ የትም ሰርግ፣ የትም ለቅሶ ሲኖር ሽንኩርቱ ጋ ቀድሜ የምገኘው እኔ ሆንኩ። ማንም ሳያዘኝ የሁለት ሰው ያህል እከትፋለሁ። ለሰዓዳ ልንገራት እያልኩ ዓመት አለፈ፣ ሁለት ዓመት አለፈ። ውሸት ሲቆይ ለመናገር ይከብዳል። ከሴቶቹ ጋር ስስቅ እንኳ አንዱ ጎኔ ያን አልጋ ላይ እንደተኛ ነበር። የአዴ ዘይነባን ዓይን ደግሞ ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም።

ባለፈው ክረምት አዴ ዘይነባ ወድቀው ዳሌያቸውን ተጎዱና ተኙ። አፎቻው ሊጠይቃቸው ሄደ፤ ሂክማ አብራኝ ነበረች። ሴቶቹ ተደርድረው ተቀምጠው፣ ዱዓ ተደርጎ፣ ቤቱ ጸጥ ብሏል። ሂክማ አሁን ትልቅ ልጅ ናት፤ እርስዎ ማለትም ታውቃለች። ወደ አልጋው ቀረብ ብላ በትሕትና ጠየቀቻቸው።

«አዴ፣ እርስዎስ የታመሙት እስከ መቼ ነው?»

አዴ ዘይነባ ትክ ብለው አዩአት፤ ቀጥሎ ሆዳቸውን ይዘው መሳቅ ጀመሩ። እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ።

«እናትሽን ጠይቂያት» አሉ። «የበሽታን ሰዓት የምታውቀው እሷ ናት።»

ያን ጊዜ ቤቱ በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። ሁሉም ናቸው የሳቁት። አንዷም «ምን ማለት ነው?» ብላ አልጠየቀችም። ሰዓዳ ከሁሉ በላይ፣ ግድግዳውን ተደግፋ ነበር የምትስቀው።

«ታውቂ ነበር?» አልኳት።

«የቅርንፉድ ሽታው እኮ መንገዱ ላይ ነው የተቀበለን» አለች እንባዋን እየጠረገች። «አንቺ ውስጥ ስለነበርሽ አልሸተተሽም።»

«ታዲያ ሾርባውን ለምን አጎረስሽኝ?»

«ርቦሽ እንደሆነ ብዬ ነዋ።»

«ይህን ሁሉ ዓመት ለምን ዝም አላችሁኝ?»

መልሱን የሰጡት አዴ ዘይነባ ናቸው። «ብንነግርሽ ሽንኩርቱን ማን ይከትፍልን ነበር?»

አብሬያቸው ሳቅሁ። ከዚያ ሳላስበው አለቀስኩ፣ ያለ ሽንኩርት። ተደብቄ የኖርኩት ከማን እንደሆነ ግራ ገባኝ። አማቴም ከጥግ ሆነው መቁጠሪያቸውን እየቆጠሩ ፈገግ ይሉ ነበር፤ ለእሳቸውም የነገራቸው ሰው አለ ማለት ነው። ስማቸው ምንም አልሆነም።

አዴ ዘይነባ አሁን በምርኩዝ ቆመዋል፣ አልሐምዱሊላህ። ያን ሐሙስ ሳስብ አሁንም ጆሮዬ ይግላል፣ ግን እንደ ድሮው አያስረኝም። ወደ አፎቻው ከእኔ በዕድሜ የሚያንሱ ሁለት ሙሽሮች ገብተዋል። ሽንኩርቱ በሕጉ የእነሱ ነው። ቢላዋውን ግን እስካሁን አልሰጠኋቸውም።