የአንድ ሚሊዮን አንድ አካፋይ

ተድላ ቦንጋ ውስጥ ሒሳብ ሲያስተምር ዕድሜውን ጨርሷል። በየዓመቱ መጀመሪያ ሰሌዳው ላይ 1000001 ብሎ ይጽፍና፣ «ይሄ ብቸኛ ቁጥር ነው? ወይስ ከአንድና ከራሱ ሌላ አካፋይ አለው?» ይላል። ተማሪው ለሦስት ያካፍላል፣ ለሰባት ያካፍላል፣ ሲሰለቸው «ብቸኛ ነው!» ብሎ ይጮኻል። ተድላም እየሳቀ አካፋዩን ያወጣላቸዋል።

ጡረታ በወጣ ማግስት ነገሮች ይጠፉት ጀመር። መጀመሪያ ስም፣ ቀጥሎ መንገድ። ከገበያ ሲመለስ ቤቱ ጠፍቶት መሀል መንገድ ላይ ቆሞ ሲያለቅስ አንድ ባጃጅ ነጂ አግኝቶት ቤቱ አመጣው። ሚስቱ ዘነበች በማግስቱ ሐኪም ቤት ወሰደችው።

«ከመቶ ላይ ሰባት ሰባት እየቀነሱ ይንገሩኝ» አለው ሐኪሙ።

«ዘጠና ሦስት። ሰማንያ ስድስት...» ከዚያ ወዲያ ባዶ ሆነበት።

ሐኪሙ ሕመሙ እየባሰ እንጂ እየተሻለ እንደማይሄድ ለዘነበች ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገራት። ተድላ ግን ሰምቷል።

ቤት እንደገባ ወረቀትና እርሳስ ይዞ በረንዳ ላይ ተቀመጠ። በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ ይጽፈው የነበረው የ1000001 አካፋይ ጠፍቶታል፤ ማንም ሳይነግረው ካገኘው ሐኪሙ ተሳስቷል ማለት ነው። ለሦስት አካፈለው፤ ሁለት ተረፈ። ለሰባት፤ ሁለት። ለአሥራ አንድም ሁለት። ለአሥራ ሦስት አካፈለው። አሁንም ሁለት።

«ዘነቡ!» ብሎ ጮኸ። «አለቀልኝ! ለምንም ባካፍለው የሚተርፈኝ ሁለት ነው። ጭንቅላቴ ሁለት ላይ ቆሟል!»

ዘነበች ደንግጣ ፀዲን ጠራቻት። ፀዲ የተድላ ተማሪ ነበረች፤ አሁን ራሷ የሒሳብ መምህርት ናት። ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ጋሼ፣ አንዱም አልተሳሳተም። ከቁጥሩ ላይ ሁለት ሲቀነስ 999999 አይደል የሚሆነው? እሱ ለሦስትም፣ ለሰባትም፣ ለአሥራ አንድም፣ ለአሥራ ሦስትም እኩል ይካፈላል። ለዚያ ነው ሁሌ ሁለት የሚተርፈው። እርስዎ አይደሉ እንዴ ያስተማሩን?»

ፊቱ በራ፤ ወዲያው ደግሞ ጠቆረ። ማስተማሩን አያስታውስም።

«ትክክል ሆኜ ትክክል መሆኔን ካላወቅኩ ምን ይጠቅመኛል?»

«አካፋዩን ልንገርዎት?»

«እንዳትነግሪኝ!» ብሎ ወረቀቱን ደረቱ ላይ ለጠፈው።

ክረምቱን ሙሉ ሲያካፍል ከረመ። አሥራ ሰባት ላይ ይደርስና የት እንደቆመ ይጠፋዋል፤ እንደገና ከሦስት ይጀምራል። ዘነበች ወረቀቱን ስትደብቅበት ግድግዳው ላይ ጻፈ። ምግብ ስታቀርብለት «ቆይ፣ ልደርስበት ነው» ይላታል። አንዳንዴ እሷም ከጎኑ ቁጭ ብላ፣ ምኑም ሳይገባት፣ እንዲያገኘው ትጸልያለች።

ዝናቡ ሊያባራ ሲል አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ፀዲ ልትጠይቀው መጣች። እርሳሱን አስቀመጠ።

«እባክሽ ንገሪኝ» አላት። «ደከመኝ።»

«መቶ አንድ ነው፣ ጋሼ። በ9901 ያባዙት።»

ቀስ ብሎ አባዛው። ደመረ። አንድ ሚሊዮን አንድ መጣ። እንደ ልጅ ሳቀ።

«እንዴት ያምራል! ማን አስተማረሽ?»

«እዚሁ ቦንጋ የነበሩ አንድ መምህር።»

«ጎበዝ ሰው ነው። ስታገኚው ሰላም በይልኝ።»

ዘነበች ከጎኑ ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች።