ሶኬቱ ይነቀል

በሰፈሩ «ዲሼ» የሚሉት የዲሽ ሠራተኛ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ዲሹን ሲያዞር፣ ከታች «መጣ! ሄደ!» የሚለው ጩኸት ለጆሮው እንደ ዘፈን አዝማች ነው። ያን ቀን የሚጮኹለት ጎረቤቱ እትዬ ነበሩ። ልጃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ዜና ልታነብ አምስት ደቂቃ ቀርቷታል፤ ቲቪው ላይ ግን ምስል የለም። ዲሼ ወርዶ የሪሲቨሩን ኬብል ሲያይ ጫፉ ዝጓል። ወዲያው ሶኬቱን ነቀለ።

«ምነው ልጄ፣ አሁን ይጠፋል?»

«እትዬ፣ እንደበራ ኬብል አልነካም። የእህቴን ሪሲቨር እንዲህ ስቸኩል አንዲት ቀጭን ሽቦ ከኬብሉ መሃል መዳብ ጋር ተነካክታ አቃጥላብኛለች።»

«ለእኔ ልጅ ሲሆን ነው ጥንቃቄው የመጣብህ!»

«ቢቃጠል እኮ ዛሬም ነገም አያዩዋትም።»

ጫፉን ቆርጦ ላጠ፣ አጥብቆ ገጠመ፣ ከዚያ ሶኬቱን ሰካ። ሪሲቨሩ እስኪነሳ እትዬ ነጠላቸውን ጨብጠው ቆሙ። ምስሉ ሲመጣ ልጅቷ ሁለተኛው ዜና ላይ ደርሳለች።

«ሰላምታዋ አመለጠኝ» አሉ ዓይናቸውን እያበሱ። «ይሁን፤ ድምጿ አልተንቀጠቀጠም።»

ዲሼ መፍቻውን እንደያዘ አጠገባቸው ቁጭ ብሎ እስከ አየር ትንበያው አብሯቸው ሰማ።