የቲማቲም እንቅልፍ

የቲማቲም ቅጠል ሽታ ዛሬም ዕረፍት ይነሳኛል። ሰሞኑን ሉማሜ አጠገብ የአንድ ገበሬ ላስቲክ ቤት ገብቼ፣ ለተክሉ በተሰቀለው ሐምራዊ መብራት ሥር ቅጠል ዳሰስኩ። ሽታው ጣቴ ላይ ሲቀር ያ ክረምት መጣብኝ፤ ቀኑን ሙሉ መቀመጥ አቃተኝ።

ያኔ ወጣት ነበርኩ። ደብረ ማርቆስ ከባለቤቴ ጋር በተከራየነው ቤት ጓሮ ላስቲክ ቤት ሠርቼ ቲማቲም ተከልኩ። የእኛ አገር ክረምት ፀሐይ ይነፍጋል፤ ስለዚህ ከተክሉ በላይ አምፖሎች ሰቀልኩ። አስተማሪ አልነበረኝም፣ ከአንድ የተቀዳደደ መጽሐፍ በቀር። አባቴ ከገጠር መጥቶ አየና፣ «ለፍልሰታ ፍሬ ካላሳየኸኝ ተመልሰህ ሞፈርህን ትጨብጣለህ» አለኝ። እሺ አልኩ።

ብርሃን ከጠቀመ፣ ሲበዛ የበለጠ ይጠቅማል ብዬ ቀን ከሌት አበራሁ። መብራት በሄደ ቁጥር ግቢውን እዞራለሁ፤ ዝናቡ ላስቲኩን ሲደበድብ እገባለሁ፣ እወጣለሁ። ሐምሌ ሲጋመስ ቅጠሉ ገረጣ። ባለቤቴ አየችውና፣ «እሱስ መቼ ይተኛ?» አለች። የትኛው መጽሐፍ ላይ እንዳነበበችው ጠይቄ አሳፈርኳት።

አንድ ጠዋት ዳር ያለውን መደብ ጆንያ ለብሶ አገኘሁት። ለካ ባለቤቴ እኔ ስተኛ ትሸፍነው፣ ሳልነሳ ትገልጠው ኖሯል፤ ያን ቀን እንቅልፍ ጥሏት ነው። ልቆጣ ጆንያውን ገለጥኩት። ቅጠሉ ለምለም ነበር። ከዚያ ወዲያ ሲመሽ አምፖሎቹን ማጥፋት ጀመርኩ። ሌላው መደብ አላገገመም፤ የእሷ መደብ ፍሬ ብቻ ቀላ።

በፍልሰታ አባቴ ከቅዳሴ በኋላ መጣ። ከዚያችው መደብ ቀጥፎ ገመጠና፣ «ማን አስተማረህ?» አለኝ። ባለቤቴ የእጅ ውኃ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች።

«መጽሐፍ» አልኩ።

መረቀኝ። ኋላ ልጆቼን ስለ ውሸት የገረፍኩ ሰው፣ ያን ምርቃት አሜን ብዬ ተቀበልኩ።

አባቴ ሲሄድ ለምን ዝም እንዳለች ጠየቅኋት። «እውነቱን ቢሰማ ይመልሰናል፤ ገጠር ከተመለስን ደግሞ የማታ ትምህርቴ ይቀራል። እኔ የፈለግሁት መስከረም ላይ እዚሁ መሆን ነው» አለች። ይህን አስቤው አላውቅም ነበር።

ያን ዓመት አሥረኛ ክፍልን ጨረሰች። በዓመቱ ላስቲክ ቤቱን ሳሰፋ አጋዥ አጣሁና፣ ከትምህርት ያስቀረኋት እኔው ነኝ።  ደብተሮቿን ለጎረቤታችን ልጅ ስትሰጣት አይቻለሁ። አንዱን መልሳ ተቀበለቻት፤ ገለጥ ገለጥ አደረገችውና እንደገና ሰጠቻት።